እውነት ወይስ ተረት? «እናቱ እያለች ምን ጎደለበት?»

የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ያላቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚል። አንዳንዷ እናትማ «ከእኔ አስቀድመህ ውሰደው» ብላ ትጸልያለች። በዚህ ጸሎቷ የሚፈርድባት ሰው ካለ የእሷን ሌሊት አድሮ የማያውቅ ነው።

ልጁ ትንሽ ሳለ ጥያቄው ለነገ ይቆያል። ድምፁ ሲጎረንን፣ ልጅቷም የወር አበባ ማየት ስትጀምር ግን ነገ የተባለው ቀን ደርሷል። ልብሱን ማጠብ፣ ምሳውን ማሞቅ፣ ሱቅ ደርሶ መመለስ፣ ያልወደደውን ነገር «አልፈልግም» ማለት፤ እነዚህን አጥብቆ ማስተማር የሚገባው እኩዮቹ ሁለተኛ ደረጃ በሚማሩባቸው በእነዚህ ዓመታት ነው። እኛ አገር ግን ትምህርቱ የሚቋረጠው ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። የልዩ ፍላጎት ክፍሎቻችን በአብዛኛው የተከፈቱት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዘጋጅቶት በኢትዮጵያም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና እንኳ የታሰበው ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። የ16 ዓመቱ ልጅ ቤት ይውላል። ስለ እሱ የሚነገረው ደግሞ አብዛኛው ተረት ነው፤ ኑሮውን የሚወስነውም ይኸው ተረት ነው።

ተረት፦ «እሱ እንኳ አይገባውም፤ ከዚህ በላይ አይማርም»

ማርክ ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን አባባል ከሃምሳ ዓመት በፊት በተግባር ፈትሾታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት መካከለኛና ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን እንዲገጣጥሙ አስተማረ፤ ቀጥሎም 24 ክፍሎች ያሉትን ሌላ ፍሬን አቀረበላቸው። ተማሩትም። በዚያን ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች ይሰጥ የነበረው ሥራ ፖስታ ውስጥ ወረቀት እንደ መክተት ያለ ነበር። ጎልድ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ክፍል አንድ ገጽ ቀለም ቀባው፤ ተማሪው የትኛው ጎን ወደ እሱ መዞር እንዳለበት በዓይኑ እንዲያይ። እምነቱም ግልጽ ነበር። ተማሪው ካልተማረ መምህሩ የማስተማሪያ መንገዱን ይለውጥ፤ ያም ካልሆነ ሌላ መንገድ ይፈልግ።

መንገዱ ምን እንደሚመስል በሽሮ እንየው። «ሽሮ ሥራ» ለእኛ አንድ ትእዛዝ ነው። ለተማሪው ግን ምናልባት አሥራ አምስት ሥራ ነው፤ ሽንኩርቱን መላጥ፣ መክተፍ፣ ድስቱን መጣድ፣ ምድጃውን መለኮስ፣ ዘይት መጨመር፣ ሽንኩርቱ ወርቃማ እስኪሆን ማቁላላት፣ ውኃውን ለክቶ ማፍሰስ፣ ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል... መምህሩ ወይም እናቱ መጀመሪያ ራሳቸው እየሠሩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይጻፉት። ሲጽፉት ነው ልጁ የሚያቅተው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ የሚገለጥላቸው። ብዙ ጊዜ ልጁ «ሽሮ መሥራት አይችልም» የሚባለው ከአሥራ አምስቱ ሁለቱ ስላቃቱት ብቻ ነው። ውኃ መለካት ካቃተው በኩባያው ላይ ቀይ መስመር ይሰመርለት። የምድጃውን መዘውር የት ላይ ማቆም እንዳለበት ከጠፋው እዚያው ላይ ቀለም ይቀባለት።

ከየት እንደሚጀመርም ማሰብ ያስፈልጋል። ለብዙ ተማሪዎች ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል። እናቲቱ ሁሉንም ሠርታ፣ ምድጃውን ማጥፋትና ወጡን ማውጣት ለልጁ ይተውለት። ይህን ሲለምድ ጨው መጨመሩም ይታከልለት። እንዲህ ወደ ኋላ እየተኬደ በየቀኑ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ይሆናል፤ የሚበላውም ራሱ የጨረሰውን ነው። ከመጀመሪያው የጀመረ ልጅ ግን ሽንኩርት ከትፎ፣ ዓይኑ አንብቶ ሌላ ሰው ሲያበስል ቆሞ ያያል፤ በማግስቱ መክተፊያውን ሲያይ ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአዋቂው እጅ መታገሥ ነው። ልጁ ማማሰያውን ይዞ ሲያስብ እኛ ቀድመን «እንዲህ አማስል» እንላለን፤ እጁንም እንይዛለን። ይህ ሲደጋገም ልጁ የሚማረው ማማሰልን ሳይሆን የእኛን ቃል መጠበቅን ነው። ጎበዝ የልዩ ፍላጎት መምህር መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ካልሆነ በዓይኑ ያመለክታል፤ ከዚያ በጣቱ፤ ከዚያ በቃል፤ እጅ መያዝ የመጨረሻው ነው። የሰጠውን እርዳታም ሳምንት በሳምንት ይቀንሳል።

ተረት፦ «ይህን ምስኪን ማሠራት ጭካኔ ነው»

ይህን የሚሉት ደጎች ናቸው። ጎረቤት ለቡና መጥታ ልጁ ሲኒ ሲያጥብ ካየች «ምነው እቴ፣ ይህን የዋህ ታሠሪዋለሽ?» ትላለች። እናትም ታፍርና ሲኒውን ትቀበለዋለች። ከእሱ ሁለት ዓመት የምታንሰው እህቱ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ልብስ አጥባ ስትገባ ግን «ባለሙያ ሆነችልሽ» እየተባለ ይመረቃል። እህቱን ሰው የሚያደርጋት ሥራ እሱ ላይ ሲደርስ ለምን በደል ይሆናል?

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ቢላ ይቆርጣል፤ ከሰል ያቃጥላል፤ መንገድ ላይ መኪና አለ። ሮበርት ፐርስኬ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ማንኛውም ሰው በኑሮው ከሚገጥመው የአደጋ ዕድል ልጁን ፈጽሞ መከልከል ክብሩን መንጠቅ ነው ሲል ተከራክሯል። እንደ እኔ ትክክል ነው። ልጁን ምድጃ አጠገብ ብቻውን መተው አይገባም፤ ምድጃ እንዳያይ ማድረግም አይገባም። ስለት የሌለው ቢላ፣ ከዚያ የሚቆርጥ ቢላ፤ ቀዝቃዛ ድስት፣ ከዚያ የጋለ ድስት። 30 ዓመት ሙሉ ከምድጃ የተጠበቀ ሰው፣ ጠባቂው አንድ ቀን የሌለች ጊዜ እሳትን የሚያገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አደጋው ያኔ ነው።

ተረት፦ «ክፍል ውስጥ ከቻለ ውጭም ይችላል»

ይህኛው የወላጅ ሳይሆን የመምህራን ተረት ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ ከካርቶን «ሱቅ» ይሠራል፤ ከወረቀት ብር ይቆረጣል፤ ተማሪዋ ሳሙና «ትገዛለች»፤ መልስ ትቀበላለች፤ በምዘና ቅጹ ላይ «ችላለች» ተብሎ ይሞላል። በማግስቱ እውነተኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ሦስት ሰው ይጋፋታል፤ ባለሱቁ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ «ምን ፈለግሽ?» ይላል፤ ሬዲዮ ይጮሃል። ምንም አትናገርም። አልረሳችውም። እሷ የተማረችው የካርቶኑን ሱቅ ነበር።

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሉ ብራውን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ያነሳው ሐሳብ እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ ምሰሶ ነው። ከባድ ጉዳት ያለበት ተማሪ አንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ በራሱ ያሻግረዋል ብሎ መገመት አይገባም፤ ስለዚህ አዋቂ ሲሆን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ በእውነተኛው ዕቃ ማስተማር ያስፈልጋል። ሱቅን በሱቅ፤ ታክሲን በታክሲ።

አዲስ አበባ ላይ ታክሲ መሳፈር የሚማር የ17 ዓመት ተማሪ ምን ምን ያስፈልገዋል? ረዳቱ ከሚጣራቸው ስሞች የራሱን መለየት፣ ወረፋ መያዝ፣ ሒሳብ አዘጋጅቶ መቀመጥ፣ የሚወርድበትን ቦታ የሚያሳውቀውን ሕንፃ ወይም አደባባይ በመስኮት ማወቅ፣ በጊዜው «ወራጅ አለ!» ማለት። የማይናገር ልጅ ከሆነስ? የመውረጃ ቦታው ስም በትልቁ የተጻፈበት ካርድ ለረዳቱ ያሳያል፤ ከጀርባው የቤተሰብ ስልክ ይኖራል። መምህሩ መጀመሪያ አጠገቡ ይቀመጣል። ቀጥሎ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አሳፍሮት ይቀራል፤ ሌላ ሰው ደግሞ መውረጃው ላይ ይጠብቀዋል። በዝናብ ቀንም፣ ወረፋ በረዘመበት ቀንም፣ መንገድ ተዘግቶ ታክሲው በሌላ በኩል በዞረበት ቀንም መሞከር አለበት፤ የከተማው ኑሮ እንዲያ ነውና።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ መምህራን «መደመርና መቀነስ ሳይችል ገንዘብ አይያዝም» ይላሉ፤ ልጁም መቀነስን ሲጠብቅ ያረጃል። ዋጋው 73 ብር ከተባለ 100 ብር ሰጥቶ መልስ መጠበቅ መቀነስ አይጠይቅም፤ ከተባለው ዋጋ የሚበልጠውን ኖት መለየት ይበቃል። ኖቶቹ ደግሞ በቀለም ይለያያሉ። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም አንድ አዲስ ትምህርት ተጨምሯል፤ የሚስጥር ቁጥርን ለማንም፣ ለሚወዱት ጓደኛም ቢሆን አለመንገር። ይህን ሳያስተምሩ ስልክ መስጠት ልጁን ለሌባ አሳልፎ መስጠት ነው።

ተረት፦ «ራስን መቻል ማለት ያለ ማንም እርዳታ መኖር ነው፤ እሱ ደግሞ አይችልም»

ኤድ ሮበርትስ የሚባል አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው፤ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ሲተኛም በመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ትምህርት ቤቱ መኪና መንዳትና ስፖርት አልተማርክም ብሎ ዲፕሎማ ሊከለክለው ሞከረ። የካሊፎርኒያ ግዛት የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ባለሙያም ለሥራ የማይበቃ ነው ብሎ ወሰነበት። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1972 ከጓደኞቹ ጋር በዚያው ከተማ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል አቋቋመ፤ በ1975 ደግሞ ለሥራ አይበቃም ያለውን ያንኑ መሥሪያ ቤት በዳይሬክተርነት እንዲመራ ተሾመ። ይህ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ልብሱን የሚያለብሰው ረዳት ነበረው። ራስን መቻል ለእሱ ማለት ማን እንደሚረዳው፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚለብስ የሚወስነው እሱ ራሱ መሆኑ ነበር።

ደግሞስ እኛ አገር ብቻውን የሚኖር ማን አለ? ለቅሶ ቢደርስ ዕድር አለ፤ ብንታመም ጎረቤት አለ፤ ገንዘብ ቢያጥር ዕቁብ አለ። የተማሪውም ትምህርት ይህን ይጨምር። ዕድር ላይ ወንበር የሚደረድር፣ ለለቀስተኛ ውኃ የሚያድል ወጣት ሰፈሩ በስሙ ያውቀዋል። በስሙ የታወቀ ሰው ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ቢታመም ይጠየቃል። ለዚያች «እኔ ስሞት» ለምትል እናት ከማንኛውም ሰነድ በፊት ልሰጣት የምችለው መልስ ይህ ነው፤ ልጅሽን ለሰፈሩ አስተዋውቂው፤ ከሥራ ጋር አስተዋውቂው።

ተረት፦ «ሰውነቱ ነው እንጂ ያደገው፣ አእምሮው ሕፃን ነው»

ከተረቶቹ ሁሉ በጣም አደገኛው ይህ ነው። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው፤ ጉርምስናዋ እንደ እኩዮቿ በጊዜው መጥቷል። «ሕፃን ናት» ስለተባለች ግን ስለ ወር አበባ የነገራት የለም። ደም ስታይ የምትሞት ይመስላታል፤ ወይም ሰው ፊት ልብሷን ታወልቃለች፤ ከዚያ «አስቸገረች» ተብላ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ትምህርቱ ግን ከባድ አይደለም፤ መቅደም ብቻ አለበት። ቀይ ቀለም ጠብ ያለበት ሞዴስ አሳይቶ፣ ከውስጥ ሱሪ ላይ አንስታ፣ ጠቅልላ፣ ቅርጫት ውስጥ ጥላ፣ አዲሱን አድርጋ እጇን እንድትታጠብ የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት ማለማመድ። እያንዳንዱን ደረጃ በሥዕል ሠርቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ከውስጥ በኩል መለጠፍ። በር የሚዘጋው መቼ እንደሆነ፣ ልብስ የሚወልቀው የት እንደሆነ በዚያው ይማሩታል። ወንዶቹም ስለ ሰውነታቸው እንዲሁ።

ጥቃቱስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ትንተና፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ ለጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው በ3.7 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የአእምሮ ጤና ወይም የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ደግሞ ለወሲባዊ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው በ4.6 እጥፍ ይበልጣል። ጥናቶቹ በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የተሰበሰቡ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተዳደግ ልንጠይቅ ይገባል። ትልቅ ሰው ያለውን ሁሉ «እሺ» የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል፤ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ሲሆን ደግሞ እሺ ባይነቱ የትምህርቱ ዋና ግብ ይደረጋል። ማንንም እሺ እንዲል የሰለጠነ ልጅ አጥቂውንም እሺ ይለዋል። «አልፈልግም» ማለት በአንድ ቀን አይመጣም፤ በትንሹ ይጀመራል። ቀዩን ሸሚዝ ወይስ ሰማያዊውን? ሻይ ወይስ ወተት? አክስቱን መሳም ካልፈለገ እጁን ዘርግቶ ሰላም ይበላት። ሲመርጥ ምርጫው ይከበርለት፤ ያልተከበረ «አልፈልግም» ሁለተኛ አይባልም። የሰውነት ክፍሎችን ትክክለኛ ስም ይወቅ፤ የደረሰበትን ለመናገር ቃሉ ያስፈልገዋልና።

ተረት፦ «ዓይነ ስውሩ ተማሪ ጎበዝ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። በብሬል አንብቦ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት የሚያልፍ ተማሪ ልብሱን ማን ያጥብለታል? በነጭ በትር መሄድ፣ ቡና ሳያፈስ መቅዳት፣ ልብሱን በቀለም ለይቶ ማስቀመጥ ከ12ኛ ክፍል ውጤት እኩል የዩኒቨርሲቲ ኑሮውን ይወስናሉ። ዶርም ሲገባ አብራው የምትሄድ እናት የለችም።

ተረት፦ «አሜሪካ ቢሆን ትምህርት ቤቱ ሁሉን ይጨርስለታል»

እዚያ ያላችሁ ወላጆች ይህን በተለይ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የትምህርት ሕግ በ1990 ሲሻሻል ከትምህርት ቤት ወደ አዋቂነት ኑሮ የሚያሸጋግር ዕቅድን ግዴታ አድርጓል። ዕቅዱ ቢዘገይ ቢዘገይ ተማሪው 16 ዓመት ሲሞላው መኖር አለበት፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደግሞ በ14 ይጀመራል። ትምህርቱ በብዙ ግዛቶች እስከ 21 ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ግዴታ የለበትም፤ የአዋቂዎች አገልግሎት ደግሞ ማመልከቻና ወረፋ አለው። በብዙ ግዛቶች በ18 ዓመቱ የመፈረም መብቱ ከወላጅ ወደ ተማሪው እንደሚያልፍም ብዙዎች አይነገራቸውም።

ስብሰባው ላይ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ልጃችሁን ወይም እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። በዕቅዱ ላይ «የኑሮ ክህሎት ያሻሽላል» ተብሎ በደፈናው ሲጻፍ አትፈርሙ፤ የትኛውን አውቶቡስ፣ የትኛውን ልብስ ማጠቢያ፣ እስከ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ማይክሮዌቭና ሳንድዊች ያስተምረዋል። ሽሮውን፣ ቡናውን፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማ የሚወልቅበትን ሥርዓት ማስተማር ግን የእናንተ ድርሻ ነው፤ ያለዚያ ልጁ ለአሜሪካ እንጂ ለእናንተ ማኅበር አልተዘጋጀም።

ተረት፦ «ተምሮስ ማን ይቀጥረዋል?»

ኤሪክ ካርተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባድ ጉዳት ያለባቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ከትምህርት በኋላ ሥራ ማግኘታቸውን ከሚያመለክቱት ነገሮች ውስጥ ገና ተማሪ ሳሉ በክፍያ መሥራታቸውና ወላጆቻቸው «ይሠራል» ብለው መጠበቃቸው ይገኙበታል። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛም አገር ሕጉ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥሩም ያዛል። የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ንጽሕና መስጫው፣ ቡና ቤቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተማሪ ቢቀበሉ አይከስሩም። ትምህርት ቤቶች ሄደው ያልጠየቁ ብዙ ናቸው።

ይቻላል ያሉ ወላጆች አገራችን ውስጥ አሉ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለውን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን ከፍተዋል፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። ግን የአንድ ከተማ ሁለት ሦስት ማዕከላት የአገር መልስ ሊሆኑ አይችሉም፤ የወረፋው ርዝመት ራሱ ይናገራል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 በኅብረተሰቡ ውስጥ ራስን ችሎ የመኖር መብትን፣ አንቀጽ 24 ደግሞ የኑሮ ክህሎት የመማር መብትን ይደነግጋሉ። ወላጆች፣ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዛችሁ፣ በርከት ብላችሁ ወደ ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለ15 እና ለ17 ዓመት ልጆቻችሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል፣ መምህርና የማብሰያ በጀት እንዲመደብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።